የሰንዶራ ወሽመጥ አውጫጭኝ

በዛርማና መንግሥት፣ ንጉሥ አዝማርድ በነገሠበት ዘመን፣ የሰንዶራ የባሕር ወሽመጥ በአንድ ጀንበር ጠቆረ። ማዕበሉ የሞተ ዓሣ ብቻ ወደ ዳርቻው ይተፋ ጀመር። የአገሬው ሰው «የባሕር ከዋክብት» የሚላቸው፣ እያበሩ የሚበሩት ክንፋም ዓሦች አሸዋው ላይ ወድቀው ብርሃናቸው አንድ በአንድ ጠፋ። የቤተ መንግሥቱ ጠንቋዮችም «አጥማጆቹ ባሕሩን በድለውታል» ሲሉ ተናገሩ።

ወዲያው አዋጅ ወጣ። የአጥማጆቹ መንደር ሁሉ በእሾህ አጥር ውስጥ ለአውጫጭኝ ተቀመጠ። ሥርዓቱ የጥንት ነው፤ ጥፋት ሲደርስ ከወሽመጡ የበላ ሁሉ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛውን በስሙ ሳያወጣም አጥሩን አያልፍም፤ ስሙ የወጣውም ይሰደዳል። ጨረቃ እስክትሞላ ስም ካልወጣ መንደሩ ተነቅሎ ወደ ጨው በረሃ ይጣላል።

የሽማግሌው የዘሙር ልጅ ሐርሜላ በዚያው ሰሞን ከባሕር ማዶ ትምህርቷን ጨርሳ ተመለሰች። ከተመለሰች ወዲህ ከወሽመጡ ገና አልበላችምና ዘበኞቹ ከአጥሩ ውጭ ተዉአት። አባቷ በእሾሁ መካከል አያት።

«ልጄ፣ የተማርሽው ምን ይላል?»

«እንጃ አባዬ። ውኃ ከላይ ወደ ታች ይፈሳል፤ ስለዚህ ወደ ላይ እሄዳለሁ።»

«ባሕር ያሻገርንሽ ለዚህ ነው?» አለ አንድ አጥማጅ ከኋላ። «ይህንንማ ፍየሌም ታውቃለች!»

አጥሩ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። ሐርሜላም ሳቀች፤ ልቧ ግን ከእነርሱ ይልቅ ይጠራጠራት ነበር። እጇን ወደ ሰማይ አነሣች። «ጥፋተኛውን ሳላውቅ ብመለስ የእናቴ አጥንት ይፋረደኝ!»

ወደ ወሽመጡ የሚፈስሰው ወንዝ አሻጋሪ በርሶም ታንኳውን ይዞ ተከተላት። ነፋሱ በሰው ድምፅ በሚያለቅስበት ገደል ሥር ቀዘፉ፤ ታንኳዋ በፏፏቴው ስትሰበር በዐለቱ ላይ በእጃቸው ወጡ። ከወንዙ ራስ፣ ከአንድ ዋሻ አፍ፣ አንድ ታላቅ ዘንዶ በሰንሰለት ታስሮ አገኙ። ጎኑ ተበስቷል፤ ጥቁር ሐሞቱ በቦይ እየፈሰሰ ወንዙ ውስጥ ይገባል። በቦዩ ዳር የጋሉ ሰይፎች ተነክረው ተደርድረዋል።

«ልትገድዪኝ መጣሽ?» አለ ዘንዶው።

«ባሕሩን የመረዝኸው አንተ ከሆንህ፣ አዎ።»

«ሐሞቴን እኔ አላፈሰስሁትም። አንጥረኞቹ የንጉሡን ሰይፍ ያጠነክራል ብለው ይወጉኛል፤ የተረፋቸውን ወደ ወንዙ ይደፉታል። የሰንሰለቴን ቁልፍ እዪው።»

በቁልፉ ላይ የአዝማርድ ማኅተም ተቀርጿል። ሐርሜላ ዐይኗን ወደ ተደረደሩት ሰይፎች መለሰች። ጠላትን ከድንበር የመለሱት እነዚያ ሰይፎች ናቸው። እርሷም ባሕር ማዶ ሳለች በእነርሱ ስትኮራ ኖራለች። ሰይፉ ቢቀር አገሩን ማን ይጠብቀዋል?

«እሜቴ፣» አለ በርሶም የቀረውን መቅዘፊያ እያነሣ፣ «ማሰቡን በመንገድ ትጨርሺዋለሽ፤ አንጥረኞቹ መጡ!»

በርሶም በመቅዘፊያው የዋሻውን ደጅ ዘጋ። ሐርሜላ ከቦዩ አንዱን ሰይፍ መዝዛ ሰንሰለቱን መታችው፤ በሐሞት የጠነከረው ብረት ሰንሰለቱን እንደ ሸንበቆ በጠሰው። ቁልፉንም ከተበጠሰው ሰንሰለት አውጥታ ያዘችው። ዘንዶው ሁለቱን በጀርባው አዝሎ፣ በአንጥረኞቹ ራስ ላይ ተወርውሮ ወጣ፤ ከመንደሩ ዳር አውርዷቸውም ወደ ተራራው ሄደ።

ጨረቃ ልትሞላ አንድ ቀን ሲቀር ሐርሜላ ወደ አጥሩ ገባች፤ ማኅተም ያለበትን ቁልፍም በጉባኤው መካከል ጣለችው። የሚወጣውን ስም ለመስማት የመጣው ንጉሥ ከአጥሩ ውጭ በዙፋኑ ላይ ነበር።

«ጃንሆይ፣ ይግቡና ይቀመጡ! ዘመንዎን ሁሉ ከወሽመጡ በልተዋል።»

ንጉሡ ቁልፉን አየ። «እኔ ሰይፍ አዘዝሁ እንጂ መርዝ አላዘዝሁም። አንጥረኞቹ የሚደፉትን አላየሁም።»

«ዙፋኑ ከፍ ያለው እንዲያዩበት ነው።»

ዘሙር የልጁን ክንድ ያዘ። «ተዪ! ንጉሥን መጀመሪያ የጠቆመ ከንጉሡ ጋር ይሰደዳል። ማንም ለጥቅሙ ብሎ ዙፋን እንዳይነካ ሕጉ እንዲህ ነው። ገና መምጣትሽ አይደለም ወይ፣ ልጄ?»

«እኔ ካልሄድሁ እናንተ ትሄዳላችሁ፣ አባዬ።» ክንዷን ከእጁ አላቅቃ ወደ ንጉሡ ዞረች። «ባሕሩን የመረዘው አዝማርድ ነው!»

በአጥማጆቹ አፍ «አዝማርድ» የሚለው ስም ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ አጥሩን ዞረ። የወሽመጡን ዓሣ በልተው ያደጉት ዘበኞች ጦራቸውን አሸዋው ላይ ተከሉ። የንጉሡን ስም የመጨረሻው ዘበኛ ሲጠራ የእሾሁ አጥር ተከፈተ።

በማግሥቱ ከወንዙ አፍ ቀጭን ንጹሕ ውኃ በጥቁሩ ባሕር ውስጥ ይታይ ነበር። ሐርሜላ የአባቷን ጉልበት ስማ፣ በርሶምን አቅፋ፣ ለስደት ወደ ተዘጋጀችው ጀልባ ወረደች። ንጉሡ በውስጧ በወርቅ ካባው እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል።

«ቀዛፊው የታለ?» አለ።

«ሁለታችን ነን፣ ጃንሆይ። የቀኙን ይያዙ።»

ንጉሡ መቅዘፊያውን አነሣ። ጥቁሩ ውኃ እስከ ክንዱ ረጨው፤ ጀልባዋም ባለችበት ትዞር ጀመር። ሐርሜላ የራሷን አቁማ ጠበቀችው። እርሱ እስኪማር ድረስ ከወሽመጡ መውጣት አይቻልም ነበር።