ቋጥሬ ያስቀመጥኳት የውሃ ተርብ

ጠንቋይ ደጅ ረግጬ የማላውቅ፣ ዛር ወረደ ሲባል የምስቅ ሰው ነኝ፣ ይህን አስቀድመህ ያዝልኝ ወዳጄ፣ የምነግርህን እኮ እኔም ከሌላ አፍ ብሰማው አላምንም ነበር።

እኛ የጓንግ ወንዝ ዳር ልጆች ያቺን ባለ አራት ክንፍ፣ ውሃ ላይ የምታንዣብበዋን የውሃ ተርብ እያየን ነው ያደግነው፣ እኔ ደግሞ ዓይነቷን ከሩቅ እለያለሁ፣ ጉራ አይደለም፣ መተማ ሁሉ ይመሰክርልኛል። ብጫዋ ዘዋሪ ናት፣ እሷን የተከተለ በውሃ ጥም ይሞታል፣ ቀይዋ ግን ከውሃ አትርቅም፣ ከተነሳችበት እንጨት ጫፍ ተመልሳ ታርፋለች። በጣሊያን ጊዜ አርበኞቹን በበጋ ከውሃ ወደ ውሃ የመራኋቸው በዚህ ነው፣ አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም።

መጋቢት ላይ ታናሽ ወንድሜ ደሴ ጭኑን በጥይት ተመታ፣ ድንበሩን አልፌ ሱዳን ወደ ገላባት ላሻግረው በበቅሎ ጭኜው ስሄድ እኩለ ቀን ላይ የውሃ ቅላችን ባዶ ሆነ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ውሃ ካላገኘሁ እስከ ማታ አይቆይልኝም። በስተቀኝ ቀይዋን ሽመል ቀርከሃ ጫፍ ላይ አየኋትና ልቤ መለስ አለ። ያኔ ጆሮዬ ሥር ደረቅ ቅጠል የሚታሽ መሰለኝ፣ ዘወር ብል አንዲት ጥቁር፣ አራቱም ክንፏ ከሰል የመሰለ፣ እመነኝ፣ በዕድሜዬ አይቻት የማላውቅ። ወደ ግራ ትሄድና ቆማ ትጠብቀኛለች።

«ቀይዋ ያቻትና፣ ወዴት ነው የምትሄጅ እታለም?» አለኝ ደሴ በሰለለ ድምፅ።

ቃል ሳልተነፍስ በቅሎዋን ወደ ግራ ሳብኩ። ጥቁሯ ደረቅ አሸዋ ላይ አረፈች፣ በእጄ ብጭር ክንዴ ሳይጠልቅ ውሃ ፈለቀ። ደሴ ሲጠጣ አለቀስኩ። ወዲያው ከቀይዋ ወገን የካሚዮን ሞተር ተነሳ፣ ለካ እዚያ ያለውን ኩሬ ጣሊያኖች ይዘውት ኖሯል።

ኩራቴ ደግሞ አይለቀኝም፣ የማላውቃት ተርብ አለች ተብዬማ አልኖርም ብዬ፣ በነጠላዬ ከደንኳትና ጫፉ ላይ ቋጠርኳት።

ገላባት ገብተን ደሴ ሲያገግም ቋጠሮውን አሳየሁት፣ «ያተረፈችህ ይህች ናት» አልኩት።

ትኩር ብሎ አየኝ። «እኔ ጥቁር ተርብ አላየሁም እታለም፣ አንቺ እያወራሽ ነበር የምትሄጅ፣ የሚመልስልሽም ነበር።»

ደሴ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል፣ በእሱ እኮራለሁ። አሁንም የቆላው ልጆች ተርብ ባዩ ቁጥር «ይህች የትኛዋ ናት እማማ?» ይሉኛል፣ አንድም አላስቀርም፣ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ። ያንን ቋጠሮ ግን እስከ ዛሬ አልፈታሁትም፣ ሳጥኔ ውስጥ ነው፣ በመጋቢት ሐሩር እንኳ ስዳብሰው እርጥብ ነው።