ነጯ ማጣሪያ

ሥራዬ ሰው የሚተነፍሰውን አየር መለካት ነው። ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ ወደሚያመነጨው ጣቢያ የተላክሁት የሠራተኞቹን ጤና ምን እንደሚጎዳው አጥንቼ ሪፖርት እንዳቀርብ ነበር። ከዚያ በፊት ብዙ ፋብሪካ ዞሬያለሁ፤ ድካሜም ተኝተው ሲነሱ የሚለቅ ዓይነት አልነበረም።

ጠዋት ጠዋት ከየክፍሉ አንዳንድ ሠራተኛ ይመጣል። ወገቡ ላይ ትንሽ አየር መሳቢያ ፓምፕ አስርለትና የቱቦውን ጫፍ አንገትጌው ላይ እሰካለሁ። ጫፉ ላይ ያለችው ነጭ ማጣሪያ አቧራውን ስትይዝ ትውላለች። ማታ ማጣሪያዎቹን አሽጌ ለላቦራቶሪ እልክና ፓምፖቹን እጠርጋለሁ።

ከምድጃው ሥር የሚመጣው ሠራተኛ አመድ የሚዝቅ ወጣት ነበር። ጓደኞቹ «ሬዲዮ» ይሉታል፤ ቃል ስለማይወጣው። እኔን ደግሞ «ዶክተር» ይሉኛል፤ አይደለሁም ብል የሚሰማኝ የለም። ሬዲዮ ተራው ሲደርስ አንገቱን ቀና አድርጎ ጣሪያውን ያያል። እኔም ቱቦውን ስሰካ እሱ ላይ እንደምዘገይ አውቃለሁ። ሳሉን እንዳልሰማበት ትንፋሹን ይይዛል። እሰማው ነበር።

አንድ ማታ ፓምፖቹን ስጠርግ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። አይደክምዎትም ወይ አለኝ። ይደክመኛል፣ በተለይ ያንተ ፓምፕ፣ አመዱ ከየስንጥቁ አልወጣ እያለ ያስቸግረኛል አልኩት። ቀልዴን ነበር። እሱ ግን የምሬን መሰለው።

ከዚያ ወዲያ ፓምፑ አቧራ ሳይነካው ይመለስ ጀመር። ጠርጎልኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ፍቅር ዕውር ነው የሚባለው ለካ እውነት ነው።

የላቦራቶሪው ውጤት ሲመጣ ከጣቢያው ሁሉ ንጹሕ አየር ያለው ምድጃው ሥር ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ፊቱ በራ። እንግዲያው እዚያ አየር ማውጫ መትከል አያስፈልግም፣ ሪፖርቱን ፈርመሽ አምጪልኝ አለኝ። እኔ ግን ውጤቱ አላሳመነኝምና ቀጥ ብዬ ወደ ምድጃው ወረድኩ።

ሬዲዮ አመድ ውስጥ ቆሟል፤ ወገቡ ባዶ ነው። ፓምፑን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ፣ ከታጠበ ሸሚዙ ጎን ተንጠልጥሎ አገኘሁት።

«ማነው ያወለቀው?»

«እኔ ነኝ። አመድ እንዳይገባበት ብዬ ነው። ማታ ማታ ስትጠርጊው አሳዘንሽኝ።»

አንቺ እንዳለኝ ራሱም ያስተዋለ አልመሰለኝም። ተናደድኩ።

«እኔ እንዳልደክም ብለህ ሳንባህን ልትጨርስ ነው? የታጠበ ሸሚዝህን አየር ልለካ አልመጣሁም። ይኼን ብፈርም እኮ አንተም ጓደኞችህም ዕድሜ ልካችሁን ስትስሉ ልትኖሩ ነበር።»

«የኔ ነገር፣ እጄ አመድ አፋሽ ነው» አለ፣ አካፋውን እያየ።

ሳቄ መጣ። ከሳቁ በኋላ ግን እንባዬን መመለስ አቃተኝ።

አልፈረምኩም። ለሥራ አስኪያጁ ልኬቱ ተበላሽቷል፣ እንደገና ይለካል አልኩት፤ ፊቱ ጠቆረ። በሁለተኛው ልኬት የሬዲዮ ማጣሪያ ከሰል መስላ ተመለሰች። ምድጃው ሥር ያለው ሥራ አየር ማውጫው እስኪተከል ድረስ ቆመ። የጣቢያው ሐኪም ሳንባው መጎዳት እንደጀመረ ለሬዲዮ ነገረው፤ እሱም በመስታወት በተዘጋ ክፍል ሆነው ክሬን ወደሚነዱት ተዛወረ። የኔም ሥራ አለቀ፤ ሌላ ፋብሪካ ይጠብቀኝ ነበር።

በመጨረሻው ጠዋት ፓምፖቹን ሳጥን ውስጥ ስደረድር መጣ። ቱታው ንጹሕ ነው። ፊቴ ቆመና እንደ ልማዱ አንገቱን ቀና አድርጎ ጣሪያውን አየ።

«ልኬቱ አልቋል እኮ» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

የሚሰካ ነገር ሳይኖር አንገትጌውን አስተካከልኩለት። እጄን ስመልስ ያዘኝ።

«እንግዲህ ማታ ማታ ማን ያግዝሽ?»

ደክሞኝ ነበር፤ ግንባሬን ደረቱ ላይ አሳረፍኩ። ትንፋሹን አልያዘም። ሳለ፤ እኔም አልሸሸሁም።

ዛሬም አጠገቤ ተኝቶ ሲስል እነቃለሁ። ትንፋሹ እስኪረጋ አዳምጥና መልሼ እተኛለሁ።