የኢፍቱ ቋጠሮ

ማር ቆራጩ ቦሩ ሃረና ጫካ ውስጥ ከዛፍ ወድቆ ሞተ። ኢንስፔክተር ሠርከአዲስ ከጎባ ከተማ ሪራ መንደር ስትደርስ ሬሳው እዛፉ ሥር በጋቢ ተሸፍኖ፣ ገመዱ አጠገቡ ተዘርግቶ ነበር።

«አልተበጠሰም» አለች፣ ጫፉን እየዳበሰች።

«ቋጠሮው ነው የተፈታው» አለ የሟቹ ወንድም መሀመድአወል። «ዛፍ ላይ ሲንጠለጠል ገመዱን ከታች ግንድ ላይ የምታስርለት ይቺ ልጁ ኢፍቱ ናት። ወላሂ፣ ስንቴ ነግሬዋለሁ! አሥር ዓመት ሞልቷት እንኳ ትናንትና ነገን አትለይም። ዛሬውኑ አጋርፋ ዘመድ ጋ እወስዳታለሁ። አባቷን የገደለች ልጅ እዚህ አትኖርም!»

ኢፍቱ ከእናቷ ከጤቤ ጎን ቆማ ሣር ትገምዳለች። እናቷ ቀና ብላ አላየችም።

ሽማግሌው ጎረቤት ዓብዱልፈታሕ በዚህ ዛፍ ምክንያት ከቦሩ ጋር ተጣልተው ነበር። ሳይጠየቁ ጀመሩ።

«እኔ ገመዱን አልነካሁም! በዚህ ሳልፍ ወደ ላይ እየወጣ ነበር።»

«አስተሳሰሩን አዩት?»

«አይቻለሁ። አንድ ቀለበት ወጥቶለት ጫፉ ተንጠልጥሏል።»

ሠርከአዲስ ሁሉንም ግንዱ ሥር ሰበሰበችና ሌላ ገመድ ለኢፍቱ ሰጠቻት። ልጅቷ ሳታመነታ አጥብቃ አሰረች፤ ቀለበት የለውም። ኢንስፔክተሯ ፈታችና በቀለበት አሰረችው። ኢፍቱ ተቆጣች።

«አይ! አባ እንዲህ!» ብላ ፈትታ እንደ ራሷ መልሳ አሰረች።

«ትናንትና ነገን አትለይ ይሆናል፤ እጇ ግን አባቷ ያሳያትን አይስትም» አለች ሠርከአዲስ። «ሽማግሌው ያዩት ጫፉ ሲሳብ ቶሎ የሚፈታ የአህያ ጭነት አስተሳሰር ነው። እህል ይይዛል፤ የሚወዛወዝ ሰው አይይዝም። ልጅቷ ከሄደች በኋላ ፈትቶ መልሶ ያሰረ ሰው አለ። እሳቸው ቢሆኑ ቀለበቱን ባልነገሩኝ። ጠላትም ቢሆን ያላላው ነበር እንጂ እንደ አዲስ አያስርም። ይህን ያደረገው ለቦሩ የሠጋ ሰው ነው። እዚህ ቤት አህያ የሚጭን ማነው?»

ጤቤ ተንበረከከች።

«ያ ረቢ! እኔ ነኝ። ቦሩ ንቦቹን የሚያባርርበትን ጢስ ሲያዘጋጅ መለስ ብዬ አሰርኩት። ሦስት ድንጋይ መቁጠር ለማትችል ልጅ ባሌን እንዴት አምኜ ልስጣት? እሱ ግን የእሷን ቋጠሮ ፈትሾ አያውቅም...»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ሁሉም ኢፍቱ ናት ሲል አፌ ተያዘ።»

መሀመድአወል አንገቱን ደፋ። «ልጅቷ የትም አትሄድም» አለ።

«አንቺ ግን ከእኔ ጋር ጎባ ትሄጃለሽ» አለቻት ሠርከአዲስ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ጎባ ሲባል የኢፍቱ ፊት በራ። የእናቷን ሻሽ ጎተተች።

«እማ፣ ከረሜላ» አለች።