ሦስተኛው ፎቶ

«እጄ ላይ እያለ በራሱ ተከፈተ» አለች ሙሉጌጥ።

ታቢታ ጭቃ የነካ ጫማዋን ሐይቁ ዳር አጥባ እየተመለሰች ነበር። ጫማዎቹን በአንድ እጇ እንዳንጠለጠለች ቆመች። ካሜራው ሙሉጌጥ ጉልበት ላይ ነው። የጀርባው ክዳን ተበርግዶ የጠዋቷ ፀሐይ ቀጥታ ፊልሙ ላይ ታበራለች።

ጫማዎቹን ጥላ ሮጠች። ካሜራውን ከሙሉጌጥ ላይ ነጥቃ ክዳኑን ገጭ አድርጋ ዘጋችው። ቢዘጋስ ምን ሊፈይድ? ብርሃን ያየ ፊልም ተቃጠለ ማለት ነው። ይህን የፎቶ አንሺ ልጅ ቀርቶ ማንም ያውቀዋል።

«በራሱ አይከፈትም!» ብላ ጮኸች። «ይህችን ጉጥ ይዘው ወደ ላይ ካልሳቧት አይከፈትም። ትናንት እኔው ራሴ አይደለሁ ያሳየሁሽ?»

«ነካክቼው ይሆናላ።»

«ውሸታም!»

ሙሉጌጥ ቀሚሷ ላይ የተጣበቀውን ሣር አንድ በአንድ መልቀም ጀመረች። ታቢታን ይበልጥ ያበሸቃት ይህ ነው። ሰው ጓደኛውን አቃጥሎ እንዴት ሣር ይለቅማል? ቢያንስ ብትጨቃጨቅ ምን አለበት?

ታቢታ ለዚህች ጠዋት ስትል ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳትም። ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ነበር ከቤት የወጡት። አባቷ አቶ ኩማ መናኸሪያ አጠገብ ፎቶ ቤት አላቸው። እሷም አራት ዓመት ሙሉ የሰው ፎቶ ስታጥብ፣ ስታደርቅ፣ ጠርዙን ስትቆርጥ ኖራለች። ካሜራውን ይዛ እንድትወጣ የተፈቀደላት ግን ገና ዛሬ፣ ጳጉሜ ሦስት ቀን ነው። ለአብዮት በዓል የቀበሌው ወጣቶች ማኅበር በአዳራሹ ኤግዚቢሽን ያዘጋጃል። ከየቀበሌው የሚመረጠው ፎቶ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ያነሳውም ሰው አብሮ ይሄዳል። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ታደሰ ፊልሙን ለአባቷ ሲያስረክብ፣ «የምታነሳው ልጄ ናት» ቢሉት ከት ብሎ ሳቀ። «ይህቺ? እስቲ እናያለን» አለ። ታቢታ ያንን ሳቅ አልረሳችውም።

የሐይቁ ዳር መስክ ደግሞ አላሳፈራትም። አደይ አበባው ከመንገዱ ዳር እስከ ሐይቁ ቄጠማ ድረስ ሞልቶታል፤ ጤዛው ገና አልረገፈም። ፀሐይዋ ከኋላዋ፣ ከከተማው በኩል ብቅ ስትል አበቦቹ ሁሉ አንድ ላይ በሩ። በጉልበቷ ተንበርክካ አንድ፣ ሁለት አነሳች። ሦስተኛውን ልታነሳ ስትል ከአበቦቹ ማዶ፣ ቄጠማው ሥር አንድ ሰው ፊቱን ታጥቦ ቀና አለ። ዓሣ አስጋሪ መሰላት። አባቷ፣ «ፎቶ ውስጥ ሰው ካለ ዓይን ማረፊያ ያገኛል» ይሉ ነበርና ሰውየው ዘወር ከማለቱ በፊት ቀጭ አደረገችው። ይህችን ማን ይችላታል ብላ ልቧ ሞቀ። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ሦስት አነሳች። አሁን ግን ሁሉም ገደል ገባ።

«ቅናት ነው» አለቻት ሙሉጌጥን። «አምና ግጥምሽን ስላልተቀበሉሽ ነው። ለዚህ ነው ትናንት ማታ 'ታቦር ተራራ ላይ ብናነሳ ይሻላል' እያልሽ ስትነዘንዢኝ የነበረው። ሁለተኛ እንዳታናግሪኝ!»

ጫማዋን ሳታደርግ፣ በባዶ እግሯ እየሮጠች ሄደች።

*

አቶ ኩማ የሆነውን ሰምተው አልጮኹም። እሳቸው የሚጮኹት ኬሚካል ሲደፋ ብቻ ነው።

«ስንቱን አንስተሽ ነበር?»

«ሠላሳ ስድስቱንም።»

«ፊልሙን ሳትመልሺው ነው የተከፈተው?»

«አዎ። ከዘጋሁት በኋላ ነው ወደ ቆርቆሮው የመለስኩት።»

«እንግዲያው ሁሉም አልሞተም» አሉ። «የተነሳ ፊልም እየተጠቀለለ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ያነሳሽው ከሥር ይሆናል፣ መጨረሻ ያነሳሽው ከላይ። ጥቅል ጎመንን ውርጭ ሲመታው አይተሽ የለ? የሚበላሸው የላዩ ቅጠል ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስቱ ተርፈዋል።»

የመጀመሪያዎቹ! ታቢታ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ጓድ ታደሰ አስር ሰዓት ላይ ሊመጣ ቀጥሯል። ፊልሙ የማኅበሩ ነውና ታጥቦ ሲደርቅ ኔጋቲቩን ሙሉውን ቆጥሮ ይረከባል። ይምጣ። አሁን ይምጣ!

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ አባቷ ኬሚካል ሊበጠብጡ ጨለማ ክፍል ገቡ። በሩ ላይ ብቅ ያለችው ግን ሙሉጌጥ ነበረች፤ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች።

«ምን ቀረሽ?» አለቻት ታቢታ።

«ይቅርታ ልልሽ ነው።»

«ይቅርታሽን ለራስሽ። ደግሞ አልተሳካልሽም፤ አርፈሽ ተቀመጪ። መጀመሪያ ያነሳኋቸው ተርፈዋል!»

ሙሉጌጥ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ሦስተኛውም?»

ታቢታ አፈጠጠችባት። ማን ስለ ሦስተኛው ነገራት?

«ስለ ሦስተኛው ምን አገባሽ?»

ሙሉጌጥ ወደ መንገዱ ዞር ብላ አየች። ከዚያ የታቢታን ክንድ ይዛ፣ ሰዎች ፎቶ ሲነሱ ከጀርባቸው ወደሚንጠለጠለው ትልቁ ሥዕል ሳበቻት። ፏፏቴና አውሮፕላን የተሳለበት ሸራ ነው። ከሸራው ጀርባ ገብተው ቆሙ።

«ካሳሁን ነው» አለች በሹክሹክታ።

ካሳሁን ታላቅ ወንድሟ ነው። ሐምሌ ላይ ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ስሙን ሲጠራ አልተገኘም። እናታቸው ለጠየቀ ሁሉ «ነገሌ አጎቱ ዘንድ ሥራ አግኝቶ ሄደ» ይላሉ። ታደሰ ግን ይህን ወሬ አልዋጠውም፤ ሁለት ጊዜ ቤታቸውን አስፈትሿል። የቀበሌው ኮታ በአራት ሰው ጎድሎበታል ይባላል።

«ከዓሣ አስጋሪዎቹ ጋር ነው የሚያድረው» አለች ሙሉጌጥ። «ንጋት ላይ ብቻ ነው የሚወጣው። ፀሐይዋ ፊቱ ላይ ነበረች፣ ታቢታ። እኔ ከሩቅ ለየሁት። ፎቶው ላይማ...»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እማዬ አስምላኛለች።»

«እኔ ታደሰ ነኝ?» ታቢታ ድምፅዋን መቆጣጠር አቃታት። «ሰባት ዓመት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን! እኔ ነኝ ሄጄ የምናገር?»

ሙሉጌጥ አለቀሰች። ታቢታ ግን አላዘነችላትም። ምናለ ዛሬ እንኳ በደንብ እንድናደድ ቢተዉኝ ብላ አሰበች። ካሳሁንን ከፎቶው ላይ ቆርጦ ማውጣት ቀላል ነው፤ ኔጋቲቩ ላይ ግን ይኖራል። ኔጋቲቩን ደግሞ የሚወስደው ታደሰ ነው፤ መብራት ላይ አንስቶ አንድ በአንድ ያየዋል። የፊልሙ ጠርዝ ላይ ቁጥር ስላለ ሦስተኛውን ብቻ ቆርጣ ብታስቀር ለምን ጎደለ ይላል።

በሙሉጌጥ ተናደደች። ፊቱን የሚታጠብበት ሌላ ሰዓት ያጣ ይመስል በካሳሁንም ተናደደች። በታደሰና በኮታው ተናደደች። ከሁሉ የባሰው ግን ሙሉጌጥ እዚያው ቆማ ከማልቀስ በቀር «እባክሽ» አለማለቷ ነው። ብትለምናት እምቢ ለማለት ይመቻት ነበር።

«ታቢታ!» አሉ አባቷ ከጨለማው ክፍል። «ኬሚካሉ ደርሷል፣ ፊልሙን አምጪ!»

ታቢታ ፊልሙን ከጠረጴዛው መሳቢያ አወጣች። ወደ ጨለማው ክፍል አልሄደችም። በጓሮ በር ወጥታ ፀሐዩ መሃል ቆመች። አባቷ እንዳስተማሯት ሁሉ የፊልሙን ጫፍ ከቆርቆሮው ትንሽ አስቀርታው ነበር። ጫፉን ያዘችና ሳበችው።

ፊልሙ እየተንሸራተተ ወጣ። ፊቱ ደብዛዛ ነው፤ ምንም አይታይበትም። አበቦቹም ጤዛውም እዚያ ውስጥ አሉ፤ እሷ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ሳታያቸው ሊሄዱ ነው። ጥርሷን ነክሳ እስከ መጨረሻው ሳበችው። ወዲያ ወዲህ እያገላበጠች ብርሃኑን አስጠጣችው።

ስትመለስ አባቷ ከጨለማው ክፍል ወጥተው ቆመዋል። እጇ ላይ የተንዘረፈፈውን ፊልም ተመለከቱ።

«ይህ የጠዋቱ ጉዳት አይደለም» አሉ።

«አይደለም፣ አባባ።»

«ምክንያት አለው?»

«አለው።»

አቶ ኩማ ወደ ሸራው ዞሩ። ከፏፏቴው ሥር ሁለት ጫማዎች ይታያሉ።  ፊልሙን ከእጇ ተቀብለው በጥንቃቄ ይጠቀልሉት ጀመር።

«ያም ሆነ ይህ ይታጠባል» አሉ። «የማኅበሩ ንብረት ነው፣ በሥርዓቱ ይመለሳል።»

*

በማግስቱ የቀበሌው አዳራሽ ሞልቷል። ግድግዳው ላይ «ያበበች አገር» የሚል ጽሑፍ በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ ከሥሩ ለፎቶ የተተወው ቦታ ባዶ ነው። ጓድ ታደሰ ጥቁሩን ኔጋቲቭ ከፍ አድርጎ ለሁሉም አሳየና፣ «ጓዲት ታቢታ ግለ ሂስ ታቀርባለች» አለ።

ታቢታ ተነስታ ፊት ለፊት ቆመች። ጥፋቷን ራሷ ልትናዘዝ፣ እነሱም ሊወቅሷት ነው። ሌሊቱን ያዘጋጀችው ነገር ሁሉ ጠፋባት።

«ካሜራውን ማን ከፈተው?» አለ ታደሰ።

«እኔ።»

«ለምን?»

«ስንት ፎቶ እንደቀረኝ ለማየት።»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ፎቶ ቤት በገባ በመጀመሪያው ቀን እንኳ ማንም የማይሠራውን ስህተት ነበር ሠራሁ ያለችው። ታደሰም ሳቀ፤ ያው የዚያን ቀን ሳቅ ነው። የታቢታ ጆሮ ጋለ። ልትጮህበት ፈለገች፤ ቆንጆ ነበሩ፣ ከዚህ ሁሉ ቀይ ቀለምህ ይበልጡ ነበር ልትለው ፈለገች። ምላሷን ነክሳ ቆመች።

ታደሰ ሳቁን ሲጨርስ ማስታወሻውን አየ።

«አንዲት ልጅ በዚያ ሰዓት ብቻዋን ሐይቅ ዳር አትሄድም» አለ። «አብሮሽ ማን ነበር?»

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሙሉጌጥ ከወንበሯ ብድግ ማለት ጀመረች። እጇ ነጠላዋን ጨምድዶ ይዟል፤ አፏ ተከፍቷል። የካሳሁን እህት በንጋት እዚያ ነበረች ከተባለ፣ ታደሰ ነገ ቄጠማውን እንደሚያስፈትሽ ሁለቱም ያውቃሉ።

ታቢታ ዓይን ለዓይን አየቻት። ንዴቷ አልበረደላትም። ቶሎ የሚበርድም አልመሰላት።

«ማንም አልነበረም» አለች ጮክ ብላ። «ብቻዬን ነበርኩ።»

ሙሉጌጥ ቀስ ብላ ተቀመጠች።