ኢንተርኔቴን ያገናኙልኝ ሽማግሌ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነበርኩ፣ እናቴ ስለ ጥላና ስለ ኮቴ ድምፅ ስታወራ "ተዪኝ እስቲ" ብዬ የቴሌቪዥኑን ድምፅ የምጨምር ሰው ነኝ፣ የሆነውንም ዛሬ ድረስ ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም፣ ስለዚህ እንዳለ ልንገራችሁ፣ መፍረዱ የእናንተ ነው።

ገላን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን ነው የምኖረው። ቂሊንጦ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የመጋዘን ጸሐፊ ነበርኩ፣ ሠራተኛ ሲቀነስ እኔም ተቀነስኩና ወራት ቤት ተቀመጥኩ፣ በኋላ ጓደኛዬ ሰናይት ቤት ተቀምጦ የሚሠራ የጽሕፈት ሥራ ጠቆመችኝ፣ ፈተናው በኢንተርኔት ነው፣ ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ ከተዘጋ ተዘጋ። ላፕቶፑንም የሸጠችልኝ እሷው ናት፣ "ውስጡ ዊንዶውስ አይደለም፣ ሊኑክስ የሚባል ነው፣ ትለምጂዋለሽ" ስትለኝ ምን ልዩነት አለው ብዬ ሳቅኩ።

ዓርብ ያሬድ የሚባል የመስመር ሠራተኛ ሞደም ሊያስገባልኝ መጣ፣ ላፕቶፑን ሲያይ ግን ራሱን አከከ፣ "እህቴ፣ እኔ ይሄን አላውቀውም" አለኝና የመጠቀሚያ ስምና የይለፍ ቃል ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠኝ። ከግድግዳው የሚወጣው ገመድ አንድ ብቻ ስለሆነ ወይ ለቤቱ ስልክ ወይ ለሞደሙ ነው የሚሆነው፣ ለሁለቱ የሚያካፍለውን ዕቃ እሑድ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ሄደ።

ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ታገልኩ። የሞባይል ኔትወርክ ከጠዋት ጀምሮ የለም፣ ላፕቶፑ ላይ ደግሞ የማውቀው ነገር ሁሉ ከቦታው ተነስቶ የሄደ ይመስላል፣ የሰው ቤት ገብቶ በጨለማ ማብሪያ ማጥፊያ እንደመፈለግ ነው የሆነብኝ። ላለቅስ ስል ከወረቀቱ ግርጌ ስልክ ቁጥር አየሁ፣ ያሬድ የጻፈልኝ መሰለኝ፣ ገመዱን የቤቱ ስልክ ላይ ሰክቼ ደወልኩ።

እመኑኝ፣ አንዴም አልጠራም። "አቤት ልጄ" የሚል የሽማግሌ ድምፅ ሰማሁ፣ ለስላሳ፣ ረጋ ያለ፣ ከእንቅልፍ የነቃ ሰው ዓይነት። ከበስተኋላቸው ዝናብ ይሰማል፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ፣ እኔ ቤት ግን ፀሐዩ መሬቱ ላይ ተኝቷል።

"አባባ፣ ኢንተርኔት ማስገባት አቅቶኝ ነው፣ ላፕቶፔ…"

"ሊኑክስ ነው" አሉኝ ሳልጨርስ። "አይዞሽ፣ ጥቁሩን መስኮት እንክፈት። ኮንትሮል፣ አልት፣ ቲ። ሦስቱን ባንዴ።"

ተከፈተ። ፊደል በፊደል ያስጽፉኝ ጀመር፣ ስሳሳት ገና ሳልነግራቸው "እሱን አጥፊው" ይሉኛል፣ እኔም ለምን እንዳልገረመኝ አላውቅም፣ ድምፃቸው ልክ በልጅነት ሲያስተኙን እንደሚያንጎራጉሩልን ነበር፣ እጄ ራሱ ነው የሚሄደው። ከዚያ ኮምፒውተሩ ሲከፈት የምጽፍለትን የይለፍ ቃል ጠየቀኝ፣ ብጽፍ ብጽፍ ምንም አይታይም፣ ነጥብ እንኳ የለም።

"አባባ፣ አይጽፍም እኮ!"

"ይጽፋል። ስላልታየሽ ነው እንጂ ይሰማሻል። ጨርሺና ኢንተር በይው።"

ኢንተር ስለው ነጫጭ ጽሑፎች እንደ ጉንዳን ሰልፍ ወደታች ይወርዱ ጀመር፣ ዓይኔ እየተከተላቸው ፈዘዝኩ፣ ስንት ደቂቃ እንደሆነ እንጃ። "ልብስሽን አስገቢ" የሚለው ድምፅ ነው የመለሰኝ። በረንዳ ላይ ልብስ ማስጣቴን አልነገርኳቸውም! ወጣሁ፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ብቻ ታዝዤ ሰበሰብኩ፣ የመጨረሻውን አንሶላ ሳነሳ የመጀመሪያው ጠብታ እጄ ላይ አረፈ፣ ወዲያው ገላን ሁሉ በዝናብ ተሸፈነ።

ተመልሼ እጀታውን ሳነሳ "መጣሽ?" አሉኝ። "በይ አሁን ገመዱን ከስልኩ ንቀዪና ሞደሙ ላይ ሰኪው።"

እጀታውን በትከሻዬ ይዤ ነቀልኩ፣ ሰካሁ።

"ሦስተኛው መብራት መርገብገቡን እስኪተው እንጠብቅ።"

ጠበቅን፣ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። መብራቱ ሲረጋ የመጠቀሚያ ስሙንና የይለፍ ቃሉን አስገባሁ፣ ገጹ ተከፈተ፣ ጮህኩ።

"አባባ፣ ማን ልበል? ስምዎን ይንገሩኝ።"

"ፈተናሽ እንዳያልፍሽ" አሉኝ ብቻ።

እጀታውን አስቀምጬ ገባሁበት፣ ሊዘጋ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ጨርሼ ላክሁ። መብራት ላበራ ስነሳ ነው የስልኩን ጀርባ ያየሁት፣ ባዶ ነው፣ ገመዱ ሞደሙ ላይ ነው፣ በገዛ እጄ ነቅዬ፣ ከነቀልኩ በኋላ ደግሞ ሩብ ሰዓት ያህል አውርቻለሁ። እጀታውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ፣ ጭጭ ያለ ነው፣ የመስመር ድምፅ እንኳ የለውም፣ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

እሑድ ያሬድ መጣ። ወረቀቱን ባሳየው "ከላይ ያለው የእኔ ጽሑፍ ነው፣ ቁጥሩን ግን እኔ አልጻፍኩም" አለ፣ ማካፈያውን ሰክቶ ቢደውል ደግሞ እንዲህ የሚባል ቁጥር የለም የሚል መልስ ነው የመጣለት፣ ሳቀብኝ፣ እኔም አብሬው ልስቅ ሞከርኩ።

እስከ ደረጃው ልሸኘው ስወጣ ፊት ለፊቴ የሚኖሩት እትዬ ዘሀራ በራቸው ላይ ቁጭ ብለው ምስር ይለቅማሉ። የወሎ ሴት ናቸው፣ ባለቤታቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ መንገድ ከወጣ ሳምንት ስለሚቆይ ብቻቸውን ሲሆኑ ከዚያች በር አይነሱም።

"ትናንት የመጡት አባትሽ ናቸው እንዴ?" አሉኝ። "ድምፃቸው ደስ ሲል! ቡና ልጠራችሁ ብዬ ስታወሩ ብሰማ አፍሬ ተመለስኩ።"

አባቴ አርባ ምንጭ ነው ያለው፣ እግሩ ከተሰበረ ጀምሮ ከቤት አይወጣም።

"አዎ እትዬ፣ ሄዱ" አልኳቸው።

ምስሩን መልቀም አቆሙና ቀና ብለው አዩኝ።

"መቼ? ወላሂ እኔ ከዙሁር ሶላት ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ እስከ መግሪብ እዚሁ ነበርኩ፣ ሲገቡም ሲወጡም አላየኋቸውም።"

ዞር ብዬ ቤቴን አየሁት፣ በሩን ገርበብ አድርጌው ነበር የወጣሁት። ፈተናውን አልፌአለሁ፣ ሥራውንም እየሠራሁ ነው፣ ተመስገን ነው፣ የዚያን ቀን ግን ከእትዬ ዘሀራ አጠገብ ቁጭ ብዬ ምስሩ እስኪያልቅ አብሬያቸው ለቀምኩ፣ ከዚያም ሌላ የሚለቀም ነገር እንዳላቸው ጠየቅኳቸው።