የማን እናት ድምፅ

በመሥሪያ ቤቱ ሁሉም ሰው “ቶሎ” ይለዋል። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም፤ ማንኛውንም ሥራ ሲሰጡት “ቶሎ ይደርሳል” ማለት ስለሚወድ የወጣለት ነው። እውነትም ያደርሳል። ሌላው ፕሮግራመር ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ሲያወጣ ሲያወርድ፣ እሱ ጨርሶ እጁን ኪሱ ከትቶ ኮሪደር ላይ ይንጎራደዳል። እኛም ጥፋት አለብን፤ ፈጣን ሠራተኛ ስናይ እናጨበጭባለን፣ ምን እንደሠራ ግን አንጠይቅም።

ድርጅቱ አንድ ሆስፒታል ውስጥ በጽኑ የታመሙ እናቶችን የሚረዳ ነው። በሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ወፍራም መጋረጃ ባላት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ እታለም የሚሏት ነርስ እናቶቹን አንድ በአንድ እያስቀመጠች ለልጆቻቸው የሚተዉትን ቃል ትቀዳለች። ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው መጥቶ ይወስደዋል። አንዳንዷ እናት ግማሽ ሰዓት ታወራለች፤ አንዳንዷ ሁለት ቃል ተናግራ ታለቅሳለች። እታለም ለቅሶውንም አትቆርጠውም ነበር።

የተቀዳው ሲበዛ “እነዚህን የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ሥራልን” ተብሎ የታዘዘው ቶሎ ነው። እሱም አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ከፈተ። በየመስመሩ የአንዲት እናት ስምና የልጇ ስም አለ። ድምፆቹ ደግሞ ቁጥር ብቻ ናቸው። ሰባተኛው መስመር ላይ ያለችው እናት ድምጿ ቁጥር ሰባት ነው፤ አለቀ።

አጠገቡ የምትሠራው፣ መነጽር እያሉ የሚጠሯት ፕሮግራመር፣ አንገቷን አስግጋ አየችና አልተዋጠላትም።

“ዳታቤዝ ውስጥ አስገባው” አለችው። “ለእያንዳንዷ እናት የማይለወጥ መለያ ቁጥር ስጣት። ስሟም፣ የልጇ ስምም፣ ድምጿም በዚያ ቁጥር ይታሰሩ። ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ ቢገለባበጥ እንኳ ማንም ከማንም አይምታታም። ማን መቼ ምን እንደነካም ይመዘግብልሃል።”

“ለሁለት መቶ መስመር?” ብሎ ሳቀባት። “አንቺ ደግሞ ለአንድ ብርጭቆ ውሃ ቧንቧ ትዘረጊያለሽ። ይሄ እኮ ማንም ሰው ከፍቶ የሚያነበው ነገር ነው። እኔ ዛሬ ከሰዓት አስረክባለሁ።”

“ማንም ከፍቶ የሚያነበውን ማንም ከፍቶ ያበላሸዋል።”

“ማን ነው የሚያበላሸው? እዚህ ቤት ጠላት የለንም።”

“ጠላትማ ቢኖር እንጠነቀቅ ነበር” አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከሰዓት አስረከበ፤ ተመሰገነም። ቶሎ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። እንዲያውም ሌላውን ስሕተት የሠራው በደግነት ነው። እታለም እያንዳንዱን ቅጂ የምትጀምረው የእናትየዋንና የልጁን ስም ራሷ ተናግራ ነበር። እሱ ግን “እታለም፣ ይሄን ተዪው። ስሙ እንደሆነ ዝርዝሩ ላይ አለ። ልጁ ሲከፍተው መጀመሪያ የሚሰማው ያንቺን ሳይሆን የእናቱን ድምፅ ይሁን” አላት። እሷም “እውነትህን ነው ወንድሜ” ብላ ተወችው። ቀደም ብለው ከተቀዱት ላይ ደግሞ ስሞቹን በገዛ እጁ ቆርጦ ጣላቸው።

ዓመታት አለፉ። ኮምፒውተሩ ሲያረጅ ድምፆቹ ወደ አዲስ ተገለበጡ፤ ሲገለበጡም የተቀዱበት ቀን ጠፍቶ ሁሉም የዚያን ዕለት የተቀዱ መሰሉ። ማንም ቅር አላለውም። ከዚያ አዲስ ጸሐፊ ተቀጠረች፤ ትጉህና ሰው የምታከብር ልጅ። ሰዎች ስልክ እየደወሉ “የእህቴ ስም አለ ወይ?” ሲሏት ከሁለት መቶ አሥራ አራት መስመር መሐል መፈለግ አታከታት። አንድ ቀን ስሞቹን በፊደል ተራ አሰለፈቻቸውና ፋይሉን ዘጋች። ድምፆቹ ባሉበት ቀሩ፤ ስሞቹ ግን ሁሉም ቦታ ተለዋወጡ። በዚያው ሳምንት ዓርብ፣ ለመጠባበቂያ ተብሎ የሚቀመጠው ቅጂ እንደተለመደው በአዲሱ ተተካ። ድምፅ ሰምታ “ይቺ እከሊት ናት” ማለት የምትችለው እታለም ብቻ ነበረች፤ እሷም ጡረታ ወጥታ ብዙ ሳትቆይ ዐረፈች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ያወቀ የለም። እስከዚያች ልጅ ድረስ።

ልጅቷ አሥራ ስምንት ዓመት በሞላት በሳምንቱ ከአክስቷ ጋር መጣች። እናቷ የሞተችው እሷ የስምንት ወር ሕፃን ሳለች ነው። አባቷም አልቆየም። ያሳደገቻት የአባቷ እህት ናት፤ እሷም እናትየዋን በሠርጋቸው ቀን አንዴ ብቻ ነው ያየቻት። ልጅቷ የእናቷ ፎቶ አላት። ድምጿን ግን ሰምታ አታውቅም።

ቶሎ ማዳመጫውን ራሱ አስተካክሎ አደረገላት። ዓይኗን ጨፍና ስትሰማ ፈገግ አለች፣ እንባዋ ወረደ። ትንሽ ቆይቶ ግን ፊቷ ተለወጠና ማዳመጫውን አወለቀች።

“ይቅርታ፣ ጋሼ” አለችው በቀስታ። “ሴትዮዋ ‘ሦስቱን ወንድሞችሽን አደራ’ ትለኛለች። እኔ ወንድም የለኝም።”

ቶሎ ዝርዝሩን ከፈተ። ስሞቹ ከሀ እስከ ፐ አምረው ተሰልፈዋል። እናቶች በፊደል ተራ አይታመሙም። ምን እንደተፈጠረ ያኔውኑ ገባው።

ከእሷ በፊት ዝርዝሩ ከተምታታ ወዲህ ሰባት ወጣቶች መጥተው ወስደው ነበር። አንድ በአንድ ደወለላቸው። አንደኛው አሁን ጋራዥ የሚሠራ ወጣት ነው።

“‘አንቺ’ እያለች ነበር የምታወራኝ” አለ በስልክ። “ከሕመሙ ብዛት ተምታቶባት ነው ብዬ በጣም አዘንኩላት። ታዲያ እኔ አራት ዓመት ሙሉ ያለቀስኩት ለማን እናት ነው?”

 ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ቶሎ ጆሮው ላይ እንደያዘው ቆየ።

መነጽር “ብዬህ አልነበረም?” አላለችውም። ብትለው ይሻለው ነበር። ወንበሯን አስጠግታ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ሁለቱም ለወራት ያንን ሁሉ ድምፅ አዳመጡ። የልጇን ስም የጠራች እናት ተገኘች። የሰፈሯን፣ የባሏን ሥራ፣ የልጆቿን ቁጥር የተናገረችም ከሆስፒታሉ መዝገብ ጋር እየተመሳከረች ተለየች። የተለዩትን እያከታተሉ ዳታቤዝ ውስጥ አስገቧቸው። መቶ ሠላሳ አንዱ ባለቤት አገኙ። የቀሩት ሰማንያ ሦስት እናቶች “ልጄ” ከማለት በቀር ምንም ምልክት አልሰጡም። ምልክት እንደሚያስፈልግ ማን ነገራቸው?

እናንተ የሰው አደራ በኮምፒውተር የምታስቀምጡ ልጆቼ፣ ስሙኝ። ተራ ፋይል በራሱ ጥፋት የለበትም። አንድ ሰው ለራሱ ማስታወሻ የሚይዝበት ከሆነ፣ ወይም ዛሬ ተነብቦ ነገ የሚጣል ከሆነ ይበቃል። ብዙ እጅ የሚነካውን፣ ከእኛ ዕድሜ የሚያልፈውን፣ ሰውን ከሰው የሚያገናኘውን ነገር ግን በመስመር ቁጥር አታስሩት። “ዛሬ ምን ይቀለኛል?” ብላችሁ አትምረጡ፤ “እኔ በሌለሁበት ቀን ቅን ሰው በስሕተት ቢነካው ምን ይሆናል?” ብላችሁ ምረጡ። ቶሎ ይህን ጥያቄ የጠየቀው አሥራ ሰባት ዓመት ዘግይቶ ነው።

የልጅቷ እናት ከሰማንያ ሦስቱ መሐል ነበረች። ለሕፃን ሴት ልጅ የሚናገሩት ሲለዩ አምስት ድምፅ ቀረ። ከዚያ ወዲያ የሚያጣራ ነገር አልተገኘም።

ልጅቷ ተጠርታ መጣች፤ ክፍሉን ዘግታ አምስቱንም ሰማች። አክስቷ ኮሪደሩ ላይ ቶሎን እጅጌውን ይዛ ወደ ግድግዳው ሳበችው።

“ወንድሜ፣ እባክህ አንዷን መርጠህ ይቺ ናት በላት” አለችው። “ማን ያውቅብሃል? ልጅቷም ይውጣላት፣ አንተም እረፍ። እኔ ይቺን ልጅ እንዲህ ሆና ማየት አልችልም።”

ነገሩ ቀላል ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ሁሉም ያርፋል። ቶሎ ራሱም በልቡ ሦስተኛዋን መርጦ ነበር፤ አነጋገሯ ከልጅቷ አነጋገር ጋር ይመሳሰልበታል። በሩን ከፍቶ ገባ።

ልጅቷ ማዳመጫውን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

“የትኛዋ ናት?” አለችው።

“አላውቅም።”

“ግምት የለህም?”

“ግምት አለኝ። በግምት እናት አልሰጥሽም፤ እስካሁን ያሳሳትኩት ይበቃኛል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ማሽኑም፣ ጸሐፊዋም አይደሉም። እኔ ነኝ።”

ልጅቷ አልጮኸችም፣ አልሰደበችውም። ማዳመጫውን አንስታ ሽቦውን በጥንቃቄ ጠቅልላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

“ከፈለግሽ አምስቱንም ገልብጬ ልስጥሽ” አላት።

“አምስቱም ደጎች ናቸው” አለች። “ሁሉም ይወዱኛል። እኔ የምፈልገው ግን አንዷን ነበር።”

ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። አክስቷ በሩ ላይ እጇን ዘረጋችላት፤ ተያይዘው ደረጃውን ወረዱ።