ያልተለኩ ጠዋቶች

«ይሄ የልጄ ደም አይደለም! በፍጹም አይደለም!»

እናቷ የምርመራውን ወረቀት በላብራቶሪው መስኮት ላይ በመዳፏ ጧ አደረገችው። ክንዳቸውን በጥጥ ጫን አድርገው አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሰዎች ሁሉ ዞር አሉ። አለቃ ከእናቷ ጀርባ ቆማለች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስታዋ ነበር።

አለቃ የመዝገብ ስሟ አይደለም። ገና ስትድህ ጀምሮ ቤተሰቡን ሁሉ ታዝ ስለነበር አባቷ ያወጣላት ስም ነው፤ ዐሥራ አራት ዓመት ሞልቷት እንኳ ከላይዋ አልወረደም።

በመስኮቱ ማዶ የነበሩት ሽማግሌ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው ወረቀቱን አነሱ። ጋሼ ጠብታ ይባላሉ። ለሚያለቅስ ልጅ ሁሉ «አንዲት ጠብታ ብቻ ናት፣ አንዲት ጠብታ» ሲሉ ኖረው ስም ሆኖባቸው ቀረ። አለቃ በሰባት ዓመቷ የስኳር ሕመም እንዳለባት ከታወቀበት ቀን ጀምሮ ደሟን የሚቀዱት እሳቸው ናቸው።

«እስኪ ረጋ በይ እህቴ» አሉ። «ሐኪሟ ምን አለች?»

«‹ወይ የልጅቷ ደብተር ወይ ላብራቶሪው፣ አንዱ ተሳስቷል› ነው ያለችው። ይኸው ደብተሩ! ጠዋት አንድ መቶ ዐሥራ ስምንት፣ ማታ አንድ መቶ ሠላሳ አራት። ቀን አልዘለለችም! የሦስት ወሩ ምርመራ ባለፈው ሰባት ነጥብ ሦስት ነበር። እናንተ ዛሬ ዐሥራ አንድ ነጥብ ስድስት ትሉኛላችሁ። ከየት መጣ?»

ጋሼ ጠብታ ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አደረጉና ወደ አለቃ ተመለከቱ። አለቃ ዓይኗን ግድግዳው ላይ ወዳለው ሰዓት አሸሸች።

ከየት እንደመጣ እሷ ታውቃለች።

ድሮ፣ አባቷ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ፣ ጠዋት ጠዋት ወጥ ቤት ውስጥ ሁለት ዱካ ገጥመው ይቀመጡ ነበር። ጣቷን ወግታ የደሙን ጠብታ ስታስነካው የስኳር መለኪያው ከአምስት ወደ ታች መቁጠር ይጀምራል። ጨዋታው እዚያ ላይ ነው። ቁጥሩ ሳይወጣ ሁለቱም ይገምታሉ፤ ግምቱ የራቀበት ኩባያ ያጥባል።

«አንድ መቶ አርባ!» ይላል አባቷ።

«መቶ ዐሥር!»

«አይ አለቃ፣ ማታ የበላሽውን ዳቦ ረሳሽው? ዛሬ ኩባያው ያንቺ ነው!»

እሁድ እሁድ ደግሞ የራሱንም ጣት ይወጋል። ያን የሚያህል ሰውዬ መርፌዋ ሳትነካው ዓይኑን ጨፍኖ «ወይኔ እናቴ!» ይላል። አለቃ ሆዷን ይዛ ትስቃለች፤ እናቷ ከመኝታ ቤት «ኧረ ጎረቤት ምን ይለናል!» ትላለች። ቁጥሩን ደብተሩ ላይ የሚጽፈው እሱ ነበር፤ ሰባት ቁጥሩ ሁልጊዜ ወደ ኋላው ጋደል ያለ ነው፣ ሊወድቅ ሲል የያዙት ይመስል።

አባቷ ወደ ረጅም መንገድ የጭነት መኪና ከተዛወረ አንድ ዓመት አለፈው። አሁን በወር አንዴ፣ አንዳንዴም በሁለት ወር አንዴ ነው ቤት የሚያድረው። እናቷ የልብስ ስፌት ቤቷን ለመክፈት ማልዳ ትወጣለች። መጀመሪያ ላይ አለቃ ብቻዋን መለካቷን አላቋረጠችም። ግን አምስት ሰከንድ አብሮ የሚገምት ሰው ለሌለው ረጅም ነው። አንድ የፈተና ጠዋት ረፈደባትና ሳትለካ ሮጠች። ማታ እናቷ ደብተሩን ስትጠይቃት ደንግጣ «126» ብላ ጻፈች።

ሰማይ አልተደፋም። እናቷ «ጎሽ የኔ ልጅ» ብላ ግንባሯን ሳመቻት።

ከዚያ በኋላ ቀላል ሆነ። አንዳንዱን ቀን በሰማያዊ፣ አንዳንዱን በጥቁር እስክሪብቶ ትጽፋለች። በየሳምንቱም አንድ መቶ ዘጠና ጣል ታደርግበታለች፣ እንዲታመን። ኢንሱሊኗን አልተወችም፤ መጠኑን ግን በግምት ነበር የምትወጋው። አባቷ መንገድ ላይ ሆኖ ሲደውል የሳምንቱን ቁጥሮች ታነብለታለች። ስልኩን ከፍ አድርጎ ለረዳቱ ያሰማዋል። «ሰማህ? ብቻዋን እኮ ናት! የኔ ልጅ ሐኪም አያስፈልጋትም!» ሲል በሞተሩ ጩኸት መሐል ይሰማታል። ያን ጊዜ እንዴት ብላ ደስታውን ትንጠቀው?

የላብራቶሪው ኃላፊ ጩኸቱን ሰምታ ከውስጥ መጣች። ወጣት ናት፤ እጇ ላይ ያለውን እስክሪብቶ ጠቅ ጠቅ ሳታደርግ መናገር አትችልም።

«ናሙና ተቀያይሮ ይሆን ጋሼ?»

«አልተቀያየረም። ስሟን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋትም ደግሜ ሠርቼዋለሁ፤ ያው ነው።»

«ባለፈው ወርም እንዲህ ያለ አቤቱታ መጥቶ ነበር እኮ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ግን መስኮቱ ጠባብ ስለሆነ ሁሉም ሰማ። «ዓይንዎም እንደ ድሮው አይደለም። ምን አለ ጡረታዎ እስኪደርስ መዝገብ ቤት ቢቀመጡ? የዝውውሩን ወረቀት ዛሬውኑ እጽፋለሁ።»

ጋሼ ጠብታ መነጽራቸውን አውልቀው በጋዋናቸው ጫፍ ጠረጉት። ከዚያ ወደ አለቃ ዞሩ።

«መለኪያሽን ይዘሻል?»

አለቃ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻቸው። እንቢ ማለት ይቻል እንደነበር ትዝ ያላት ከሰጠች በኋላ ነው። መለኪያው የለካውን ሁሉ ከነቀኑ ያስቀምጣል። ጋሼ ጠብታ አዝራሩን አንዴ ተጫኑ። የመጨረሻው ልኬት የዛሬ ሃያ ስድስት ቀን ነበር። እንደገና ተጫኑ። ከዚያ በፊት ያለው ደግሞ ከዚያ ዘጠኝ ቀን ቀድሞ።

«ምን ይላል?» አለች እናቷ።

ጋሼ ጠብታ መለኪያውን ዘግተው ለአለቃ መለሱላት። «ይሄ የሷ ዕቃ ነው» አሉ። «እኔ ሌላ ናሙና ልውሰድና ሦስተኛ እሠራዋለሁ። ግቢ አለቃ።»

ደም መቅጃው ክፍል አልተለወጠም። ወንበሩ ያው ነው፣ የመስኮቱ ጥግ ላይ ያለው ማይክሮስኮፕም ያው። በሰባት ዓመቷ በርጩማ ላይ አቁመው የራሷን ደም ያሳዩዋት በዚያ ነበር። «እነዚህን ቀያዮች ታያለሽ? ደምሽ ውስጥ ስኳር ሲበዛ ይለጠፍባቸዋል። ሦስት ወር ያህል ይኖራሉ፣ የተለጠፈባቸውን ይዘው ይዞራሉ። እኔ ደግሞ እነሱን እጠይቃቸዋለሁ» ብለዋት ነበር። ያን ቀን ቤት ገብታ ለአባቷ «ደሜ ውስጥ ወሬኞች አሉ» አለችው፤ አባቷ አንድ ሳምንት ሙሉ ሲስቅ ከረመ። እንዴት ያለ ጊዜ ነበር! ከዚህ ክፍል ስትወጣ ጥጧን ክንዷ ላይ ይዛ፣ አንድ ትልቅ ምስጢር የተነገራት ሰው ሆና ነበር የምትሄደው።

ጋሼ ጠብታ ላስቲኩን ክንዷ ላይ አሰሩ። እጃቸው እንደ ድሮው ቀልጠፍ ያለ ነው፤ የደም ሥሯን በአንድ ጣት ዳሰሳ አገኙት። ኃላፊዋ በሩ ላይ ቆማ እስክሪብቶዋን ጠቅ ጠቅ ታደርጋለች። እናቷ ክንዶቿን አጣምራ፣ አሁንስ አያችሁ በሚል ፊት ታያቸዋለች። መርፌው ሲቀርብ አለቃ የሽማግሌውን ፊት አየች። አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ነገሩ ሁሉ ያልቅ ነበር።

«ይተዉት ጋሼ» አለች። «ደሙ የኔ ነው።»

እስክሪብቶው ጠቅ ማለቱን አቆመ።

«ምን አልሽ?» አለች እናቷ።

«የመጀመሪያውም የኔ ነው፣ እማዬ። የውሸቱ ደብተሩ ነው። አልለካም ነበር። ቁጥሮቹን ከጭንቅላቴ ነው የምጽፋቸው።»

የእናቷ ዓይን ወደ አለቃ ዩኒፎርም ቀሚስ ወገብ ወረደና እዚያው ቀረ። በዚህ ሁለት ወር ቀሚሱ እየሰፋት ሁለት ጊዜ አጥብባላታለች። ቁመት እየሳባት ነው ብላ በደንበኞቿ ፊት ስታወራ ነበር። ውሃ ቶሎ ቶሎ ስትጠጣም፣ ሌሊት ስትነሳም፣ ሙቀቱ ነው ብላ ነበር።

«ሁለቴ!» አለች በቀስታ። «በገዛ እጄ መርፌ ይዤ፣ ሁለቴ!» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። በሰው ፊት...»

«ተዪው። እዚህ መስኮት ላይ ስድብ ብርቅ አይደለም» አሉ ላስቲኩን እየፈቱ። «ይልቅ አሁን ስንት ላይ እንዳለች እንይ።»

አለቃ መለኪያዋን ራሷ ከፍታ ጣቷን ወጋች። አምስት፣ አራት፣ ሦስት... ማንም አልገመተም። ሦስት መቶ ዐሥራ ስምንት።

ኃላፊዋ «እንግዲህ የወረቀቱ ነገር...» ብላ ጀመረች።

«የቱ ወረቀት?» አሉ ጋሼ ጠብታ። ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን ኪሷ ከትታ ወጣች።

ፎቅ ላይ ሐኪሟ አልተቆጣችም። ቢቆጧት ይቀላት ነበር። ሽንቷን አስመረመረች፣ የኢንሱሊኑን መጠን አስተካከለች፣ በየሳምንቱ እንድትመጣ አዘዘች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «ስትለኪ አጠገብሽ ማን አለ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ማንም» አለች አለቃ። እናቷ ጎንበስ ብላ የቦርሳዋን ዚፕ መክፈትና መዝጋት ጀመረች።

ግቢው ውስጥ፣ የታክሲ ወረፋው በሚታይበት ጥላ ሥር ተቀመጡ። እናቷ የአለቃን ቀሚስ ወገብ በሁለት ጣቷ ይዛ ስፌቱን ታየው ነበር፤ የምትፈታበትን ቦታ የምትፈልግ ይመስላል።

«ስፌት ቤቱን ከነገ ጀምሮ አንድ ሰዓት አዘግይቼ እከፍታለሁ» አለች። «መገመት ግን አልችልበትም፤ እወቂው።»

«ኩባያ ታጥቢያለሽ እንግዲህ።»

እናቷ ልትስቅ ስትል ተወችው። «አባትሽስ? እሱ እንኳን አሁን ሩቅ ነው፤ ይደነግጣል። ሲመጣ እኔ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ። ወይም ምንም አንበለው፤ ከእንግዲህ የምታነቢለት እውነተኛው እስከሆነ ድረስ ምን ቸገረው?»

አለቃ አሰበችበት። ቀላሉ እሱ ነበር። ሁሉም ነገር ሊስተካከልና አባቷ ምንም ሳያውቅ በልጁ ሲኮራ ሊኖር ይችላል። ከዚያ ስልኩን ከፍ አድርጎ ለረዳቱ ሲያሰማው ታያት፤ የሚኮራባት ያቺ ልጅ ግን እሷ አልነበረችም።

«ስልክሽን ስጪኝ፣ እማዬ።»

ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተነሳ። የሞተር ድምፅ፣ ነፋስ፣ ከኋላ የረዳቱ ሬዲዮ ይሰማል። አባቷ በዚህ ሰዓት መደወላቸው ገርሞት «ምነው? ደህና ናችሁ?» አለ።

«ደህና ነን አባዬ» አለች። «መኪናውን ጥግ አስይዘው። የምነግርህ ነገር አለኝ።»